የማን ልጅ? ባርነትና አርነት በጥንቱ የሮማውያን ኅብረተ ሰብ



በቅዳሴ ሰዓት የሐዋርያው የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ሲነበቡ «ባሪያ»፣ «ጌታ»፣ «አርነት»፣ «ቤዛ»፣ «ልጅነት» የሚሉት ቃላት ደጋግመው ይሰማሉ። ጆሮአችን ስለ ለመዳቸው እንደ መንፈሳዊ ምሳሌ ብቻ ቆጥረን እናልፋቸዋለን። መልእክታቱ በመጀመሪያ በተነበቡባቸው ቤቶች ግን እነዚህ ቃላት ምሳሌ ብቻ አልነበሩም። በቆሮንቶስ ወይም በቆላስይስ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ክርስቲያኖች መካከል በባርነት የተያዙ ነበሩ፤ የባሮች ጌቶችም ነበሩ። ሁሉም የሐዋርያውን ቃል በአንድነት ያዳምጡ ነበር።

በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሟቸዋል። አንደኛው፦ ቅዱስ ጳውሎስ ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ ሲመክር ባርነትን ማጽደቁ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ «ባሪያ» የሚለው ቃል በአገራችን ሰውን ለማዋረድ የሚወረወር ስድብ ሆኖ ሳለ፣ ሐዋርያው ራሱን በዚሁ ስም የጠራው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው። ሁለቱንም ጥያቄዎች በሚገባ ለመመለስ በሮማውያን ዘመን ባሪያ መሆን ምን እንደ ነበረ፣ ነፃ መሆንስ ምን ማለት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የጥንት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. በሕግ ፊት ባሪያ ማን ነበር?

በ2ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የሕግ ሊቅ ጋይዮስ ለተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ስለ ሰዎች የሚናገረውን ክፍል የሚጀምረው ሰዎችን ሁሉ በሁለት ወገን በመክፈል ነው። ሰው ወይ ነፃ ነው፤ አለዚያም ባሪያ ነው፤ ሦስተኛ ወገን የለም። ነፃ የሆኑት ደግሞ ነፃ ሆነው የተወለዱና ከባርነት የወጡ ተብለው ይለያሉ። እነዚህን ከባርነት የወጡትን በዚህ ጽሑፍ «ነፃ ወጪዎች» እንላቸዋለን፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ጋር ከተከራከሩት መካከል የዚህ ወገን ሰዎች ምኵራብ አባላት ይገኙበታል።

ባሪያ ማለት በሌላ ሰው ንብረትነት ሥር ያለ ሰው ማለት ነው። ሊሸጥ፣ ሊከራይ፣ በመያዣነት ሊሰጥ፣ በኑዛዜም ለወራሽ ሊተላለፍ ይችላል። ቫሮ የተባለው ሮማዊ ሊቅ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ37 ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ የእርሻ መሣሪያዎች በሦስት የሚከፈሉበትን አሠራር ያቀርባል፦ የሚናገሩ፣ ድምፅ እንጂ ንግግር የሌላቸው፣ ጨርሶም ድዳ የሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ባሮች ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ በሬዎች፣ ሦስተኛዎቹ ጋሪዎች። ቫሮ ይህን ሲጽፍ በተለየ ክፋት ተነሣሥቶ አልነበረም፤ ዘመኑ እንደ ተራ ነገር የሚቆጥረውን መዝግቦ ማለፉ ነበር። ለእኛ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ባሪያ በሕግ የታወቀ ጋብቻ አልነበረውም። ወንድና ሴት ባሮች አብረው ቢኖሩም ሕጉ ባልና ሚስት አይላቸውም፤ ጌታቸው በፈለገ ጊዜ አንዱን ሸጦ ሌላውን ማስቀረት ይችል ነበር። ከባሪያ እናት የሚወለድ ሕፃን የእናቲቱ ጌታ ንብረት ይሆናል። አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ ሕጉ አባት አያውቅለትም። ባሪያ በፍርድ ቤት ለምስክርነት ሲፈለግ ቃሉ የሚወሰደው እየተገረፈና እየተሠቃየ ነበር፤ ያለ ሥቃይ እውነት አይናገርም ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ፕሊኒዮስ የተባለው የቢታንያና የጳንጦስ አገረ ገዢ በ112 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ክርስቲያኖች እውነቱን ለማወቅ ሁለት ሴት ባሮችን ማሠቃየቱን ይገልጣል። እነዚህ ሁለት ሴቶች በክርስቲያኖች ማኅበር ውስጥ የአገልጋይነት ማዕርግ ነበራቸው። በመንግሥት ዘንድ የሚገረፉ ዕቃዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የማኅበሩ አገልጋዮች ነበሩ ማለት ነው።

፪. ባሮቹ ከየት መጡ?

ዋናው ምንጭ ጦርነት ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ167 ዓመት የሮማ ሠራዊት ኤጲሮስ በምትባለው የግሪክ አገር ላይ በዘመተ ጊዜ 150,000 ሰዎች ለባርነት እንደ ተሸጡ የታሪክ ጸሐፊው ሊቪዮስ ይተርካል። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. በፈረሰች ጊዜ በዚያ ጦርነት የተማረኩት 97,000 እንደ ነበሩ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ጽፏል። የደሎስ ደሴት ገበያ በአንድ ቀን በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ባሮችን ተቀብሎ ሊያሰናብት ይችል እንደ ነበር የመልክዐ ምድር ሊቁ ስትራቦን ይናገራል። ከምርኮኞች በቀር የባሕር ወንበዴዎች የሚነጥቋቸው መንገደኞች፣ ወላጆች በየመንገዱ የሚጥሏቸው ሕፃናት፣ በባርነትም የሚወለዱ ልጆች ነበሩ። የዘመናችን ተመራማሪዎች በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን በኢጣልያ ብቻ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ባሮች እንደ ነበሩ ይገምታሉ።

እዚህ ላይ መምህራን ልብ እንዲሉት የሚያሻ ነገር አለ። የሮማውያን ባርነት በቆዳ ቀለም ወይም በአንድ ዘር ላይ የቆመ አልነበረም። ግሪካዊው፣ ሶርያዊው፣ ጋላዊው፣ አይሁዳዊው፣ አፍሪካዊውም በዚያው ገበያ ይሸጥ ነበር። ሥራቸውም ልዩ ልዩ ነበር፤ አንዱ በማዕድን ጕድጓድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያልቅ፣ ሌላው በባለጠጋ ቤት ሐኪም፣ የልጆች መምህር ወይም ሒሳብ ያዥ ይሆን ነበር። ሐኪሙና ማዕድን ቆፋሪው በኑሮ እጅግ ይራራቃሉ፤ በሕግ ፊት ግን አንድ ናቸው። ጌታው ዛሬ ቢቆጣ ሐኪሙ ነገ በማዕድኑ ጕድጓድ ሊገኝ ይችላልና።

፫. በፍርሃት ላይ የቆመ ቤት

ይህ ሥርዓት የጸናው በፍርሃት ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ73 ዓመት በካፑዋ ከተማ ከሚገኝ የግላዲያተሮች ማሠልጠኛ 70 ያህል ሰዎች ስፓርታከስ በተባለ የትራቄ ሰው መሪነት አመለጡ። በአሥር ሺሖች የሚቈጠሩ ባሮች ተከተሏቸው፤ በርካታ የሮማ ጦር አለቆችንም ድል አደረጉ። በመጨረሻ በ71 ዓመት ክራሶስ የተባለው የጦር አዛዥ አሸነፋቸው፤ የተማረኩትን 6,000 ሰዎችም ከካፑዋ እስከ ሮማ በሚወስደው በአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ሰቀላቸው። ስቅለት የባሮች ቅጣት ተብሎ የሚታወቅ ነበር። ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

ፍርሃቱ ግን በጌቶችም ዘንድ ነበረ። በ61 ዓ.ም. የሮማ ከተማ ሹም የነበረው ጴዳንዮስ ሰኩንዶስ በገዛ ባሪያው ተገደለ። በጥንቱ ልማድ መሠረት ጌታ በቤቱ ሲገደል በዚያ ጣሪያ ሥር ያሉት ባሮች ሁሉ በሞት ይቀጡ ነበር። በዚያ ቤት 400 ባሮች ነበሩ፤ ሴቶችና ልጆችም ይገኙባቸዋል። የከተማይቱ ሕዝብ ግፍ ነው ብሎ በአደባባይ ጮኸ። በሸንጎው ግን ጋይዮስ ካሲዮስ የተባለ ታላቅ የሕግ ሊቅ ተነሥቶ፣ ከየአሕዛቡ የተሰበሰበውን ይህን ሁሉ ሰው ያለ ፍርሃት መግዛት አይቻልም ሲል ተከራከረ፤ ሐሳቡም አሸነፈ። ንጉሠ ነገሥት ኔሮን መንገዱን በወታደር አሳጥሮ አራት መቶውን አስገደለ። ታሪኩን የጻፈልን ታኪቶስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮማ በቁም እስር የቆየው በዚህ ጊዜ ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ መልእክታቱ ስለ ባሮች ሲናገሩ ምን ዓይነት ዓለም ከፊታቸው እንደ ነበረ እንረዳለን።

፬. የነፃነት በር

ሮማውያን በአንድ ነገር ከሌሎች የጥንት ሕዝቦች ይለዩ ነበር፤ ባሮቻቸውን አብዝተው ነፃ ያወጡ ነበር። በግሪክ ከተሞች ነፃ የወጣ ባሪያ እንደ መጻተኛ ሲኖር፣ በሮማ ግን በሥርዓቱ ነፃ የወጣ ሰው የሮማ ዜጋ ይሆን ነበር።

ነፃ ማውጫው መንገድ ሦስት ነበር። አንዱ በዳኛ ፊት ባሪያውን በበትር ነክቶ ነፃነቱን ማወጅ፤ ሁለተኛው በሕዝብ ቆጠራ ጊዜ እንደ ዜጋ ማስመዝገብ፤ ሦስተኛው በኑዛዜ ማውጣት ነው። ባሪያ በሕግ ንብረት ባይኖረውም ጌታው የተወሰነ ገንዘብ በእጁ እንዲያንቀሳቅስ ይፈቅድለት ነበር፤ ብዙዎች ከዚህ ገንዘብ ዓመታት ሙሉ እያጠራቀሙ ዋጋቸውን ከፍለው ይወጡ ነበር። መንግሥትም ከባሪያው ዋጋ ላይ ከመቶ 5 እጅ ግብር ይወስድ ነበር። ነፃ የወጣውም የነፃነት ምልክት የሆነውን የሱፍ ቆብ በራሱ ላይ ይደፋል።

ይሁን እንጂ ይህ በር በቸርነት ብቻ የተከፈተ አልነበረም። ተስፋ እንደ ጅራፍ ሁሉ ባሪያን ያሠራል፤ ነገ ነፃ እወጣለሁ የሚል ባሪያ ዛሬ አይሸፍትም። በሩም የሚከፈተው በልክ ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ2 ዓመት የወጣ ሕግ ጌታ በኑዛዜ የሚያወጣቸውን ባሮች ቍጥር ወሰነ፤ የቱንም ያህል ባሮች ቢኖሩት ከ100 በላይ ነፃ ሊያወጣ አይችልም። በ4 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከ30 ዓመት በታች የሆነ ባሪያ ያለ ልዩ ምክንያት ነፃ ቢወጣ ሙሉ ዜግነት እንዳያገኝ ከለከለ። በሥርዓቱ ሳይሆን በጌታው ፈቃድ ብቻ ነፃ የወጣ ሰው በሕይወቱ ዘመን እንደ ነፃ ሰው ይኖራል፤ በሞተ ጊዜ ግን ሀብቱ እንደ ባሪያ ሀብት ወደ ቀድሞ ጌታው ይመለሳል፤ ለልጆቹ አያወርስም።

ሙሉ ዜጋ የሆነውም ቢሆን ከቀድሞ ጌታው ጋር አይለያይም። አክብሮት ይገባዋል፤ የተወሰኑ ቀኖችም ሥራ ያገለግለዋል፤ በከተማ ሹመትም አይገባም። የጌታውንም ስም ይወስዳል። የታወቀው ተናጋሪ ማርቆስ ቱሊዮስ ኪኬሮ ጸሐፊውን ቲሮን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ53 ዓመት ነፃ ባወጣው ጊዜ ቲሮ «ማርቆስ ቱሊዮስ ቲሮ» ተብሎ ተጠራ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ግልጥ የሚያደርግልን የመቃብር ድንጋይ ነው። ነፃ ሆኖ የተወለደ ሮማዊ በመቃብሩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «የማርቆስ ልጅ» ተብሎ ይጻፍለታል። ነፃ ወጪው ግን በዚያችው ቦታ «የማርቆስ ነፃ ወጪ» ተብሎ ይጻፍለታል። በላቲን ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብቻ ናት። የአባት ስም በሚጻፍበት ቦታ የጌታ ስም ገባ ማለት ነው። ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም ለምንጠራ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ባሪያ ማለት «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ሰው ነበር።

፭. አርነት ለሮማውያን ምን ነበር?

ዛሬ ነፃነት ስንል ብዙ ጊዜ የፈለጉትን ማድረግ ማለታችን ነው። ለሮማውያን የቃሉ ሥር ሌላ ነበር። አንደኛ፣ ነፃ ሰው ማለት በላዩ ጌታ የሌለው፣ ኑሮው በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ያልተንጠለጠለ ማለት ነው። ደግ ጌታ ያለው፣ ተገርፎ የማያውቅ፣ በልቶ ጠግቦ የሚያድር ባሪያም ባሪያ ነው፤ ደግነቱ የጌታው እንጂ የእርሱ መብት አይደለምና። ስለዚህም ዩልዮስ ቄሣርን የገደሉት ሰዎች አገሪቱን ከአንድ ሰው ጌትነት አወጣናት ለማለት፣ ብሩቶስ ባስቀረጸው ገንዘብ ላይ የነፃ ወጪዎችን ቆብ በሁለት ጩቤዎች መካከል አሳትመዋል። እነዚሁ የነፃነት ተከራካሪዎች በቤታቸው ባሮች ነበሯቸው። አርነት የሁሉ ሰው ነው የሚል አሳብ አልነበራቸውም።

ሁለተኛ፣ ነፃ መሆን ቤተ ሰብና ትውልድ ያለው መሆን ነው። በላቲን «ነፃዎች» የሚለው ቃል ራሱ «ልጆች» ማለት ሆኖ ያገለግላል። በአንድ ሮማዊ ቤት ውስጥ ልጁም ባሪያውም በአባወራው ሥልጣን ሥር ናቸው፤ ልጁ ግን ይወርሳል፣ ባሪያው ይወረሳል። ሦስተኛ፣ ነፃ መሆን በከተማይቱ ውስጥ ስፍራ ያለው ዜጋ መሆን ነው።

ይህ ሁሉ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ በአንድ ትዕይንት ተሰብስቦ እናገኘዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ በቂሣርያ የተከሰሰበትን ጉዳይ የሰማው አገረ ገዢው ፊልክስ ነበር (የሐዋ. 24)። ፊልክስ ነፃ ወጪ ነበር፤ ወንድሙ ጳላስም በንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ቤት እጅግ ኃያል የሆነ ነፃ ወጪ ነበር። ትናንት ባሪያ የነበረው በዙፋን ተቀምጦ፣ የሮማ ዜጋ ሆኖ የተወለደው ጳውሎስ በሰንሰለት ቆሟል። ፊልክስም ጉቦ እየጠበቀ ሁለት ዓመት ሙሉ በእስር አቆየው። ከባርነት መውጣት ብቻውን ሰውን ነፃ እንደማያደርገው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ፈላስፎችም ይህን ተገንዝበው ነበር። ሴኔካ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ባሮች ሰዎች መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ነውር አለመሆኑን አስተምሯል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ራሱ ባሪያ የነበረው ኤጲቅቴጦስ ነው። የተወለደው በ50 ዓ.ም. ገደማ በኢያራጶሊስ ነው፤ ይህች ከተማ በቆላስይስ መልእክት 4፥13 የምትጠቀሰው የቆላስይስ ጎረቤት ናት። ስሙ «በግዢ የተገኘ» ማለት ነው። ጌታውም ራሱ የኔሮን ነፃ ወጪ ነበር። ኤጲቅቴጦስ ነፃ ከወጣ በኋላ ሲያስተምር፣ እግርን ማሰር ይቻላል፣ ፈቃድን ግን ማንም ሊያስር አይችልም፤ እውነተኛው ባሪያ ለምኞቱና ለፍርሃቱ የሚገዛው ነው ይል ነበር። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱን እንደ ነበረ ይተወዋል፤ ጌታውንም ከባሪያው ጋር አያስታርቀውም።

፮. ከዚያው ሸለቆ የመጣ ሌላ ባሪያ

ኤጲቅቴጦስ በተወለደበት በዚያው ሸለቆ፣ በቆላስይስ፣ አናሲሞስ የሚባል ሌላ ባሪያ ነበር። ስሙ «ጠቃሚ» ማለት ነው፤ ለባሪያ የሚሰጥ የተለመደ ስም ነበር። ጌታው ፊልሞና ክርስቲያን ነው። አናሲሞስ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ታሰረው ወደ ጳውሎስ መጣ። የኮበለለ እንደ ነበረ ብዙዎች ያምናሉ፤ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ የሮማ ሕግ ባሪያ ወደ ጌታው ወዳጅ ሄዶ ምልጃ ቢጠይቅ እንደ ኮብላይ እንደማይቈጥረው በማስታወስ፣ አማላጅ ፍለጋ የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ። በማናቸውም መንገድ ቢሆን ያለበት አደጋ ቀላል አልነበረም። ኮብላይ ባሪያ ይገረፋል፤ ፊቱ በእሳት ይተኮሳል።

ጳውሎስ 25 ቍጥር ብቻ ባላት መልእክት ባሪያውን መልሶ ላከው። የላከው ግን ልጄ ብሎ ነው፤ በእስራቱ የወለደው ልጅ። አባት የሌለው ሰው አባት አገኘ። ፊልሞናንም ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም፣ ይህንንም በጌታ ብቻ ሳይሆን በሥጋም እንዲቀበለው ይለምነዋል (ቍ. 16)። ዕዳ ካለበትም በእኔ ላይ ቍጠረው ይላል (ቍ. 18)። በሥጋም የሚለውን ቃል መምህራን እንዳያልፉት እንለምናለን። ወንድምነቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቀር አይደለም፤ እስከ ፊልሞና ጓዳ ድረስ ይገባል ማለት ነውና።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጳውሎስ ባርነት በሕግ እንዲሻር አልጠየቀም። በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ባሮች እንዲታዘዙ፣ ጌቶችም ማስፈራራትን እንዲተዉ፣ የሁለቱም ጌታ በሰማይ እንዳለና እርሱም ለሰው ፊት እንደማያዳላ ያስተምራል። በ1ኛ ቆሮ. 7፥21 የጻፈው ዐረፍተ ነገር በግሪኩ ሁለት ትርጉም ሊሰጥ ስለሚችል ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይወያዩበታል፤ ባሪያው ነፃ የመውጣት ዕድል ቢያገኝ ይጠቀምበት ማለት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በኋለኞቹ ዘመናት ባሪያ ፈንጋዮች የኤፌሶንን ቃል ለገዛ ጥቅማቸው መጥቀሳቸውን መካድ አይገባንም። ይሁን እንጂ ጳውሎስ የባርነት ቤት የቆመበትን ምሰሶ ነክቶታል። ያ ምሰሶ ባሪያው የማንም ልጅ፣ የማንም ወንድም አይደለም የሚለው ነበር። በገላትያ መልእክት 3፥28 በክርስቶስ ባሪያና ነፃ የሚል ልዩነት እንደ ቀረ ካወጀ በኋላ፣ በምዕራፍ 4 የተጠመቁት ሁሉ ልጆችና ወራሾች መሆናቸውን ያስረዳል። ልጁ ይወርሳል፣ ባሪያው ይወረሳል ለሚል ዓለም ይህ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደ ነበረ አስቡት።

ሁለተኛው ጥያቄም ከዚህ ይመለሳል። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ የእግዚአብሔር ልጅ የባሪያን መልክ እንደ ያዘና እስከ መስቀል ሞት ድረስ እንደ ታዘዘ ይናገራል (ፊልጵ. 2፥7-8)። በአፒያ መንገድ የተሰቀሉትን 6,000 እናስታውስ። ጌታችን የሞተው የባሮችን ሞት ነው፤ የሐዋርያትን እግር ባጠበ ጊዜም የባሪያን ሥራ ሠርቷል። ስለሆነም «የክርስቶስ ባሪያ» ማለት ለሰው ጌትነት መንበርከክ አይደለም፤ ጌታው ራሱ ባሪያ በሆነበት ቤት ማገልገል ነው። «ቤዛ» የሚለውም ቃል ለምርኮኛ ወይም ለባሪያ ማስለቀቂያ የሚከፈል ዋጋ ነው። ዋጋ የተከፈለበት ሰው ተመልሶ የሰው ባሪያ ሊሆን አይገባውም፤ ሰውንም ባሪያ ሊያደርግ አይገባውም።

፯. ቤተ ክርስቲያን ይህን እንዴት ኖረችው?

መልሱ የሚያኮራም የሚያሳፍርም አለበት። በ177 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ ባሪያይቱ ብላንዲና፣ በ203 ዓ.ም. በቅርታጎ ባሪያይቱ ፌሊቺታ በሰማዕትነት ሞቱ፤ ፌሊቺታ ከነፃይቱ ጰርጴቱዋ ጋር በአንድነት ስሟ በላቲን ሥርዓተ ቅዳሴ ይጠራል። በ3ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የሮማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ካሊስጦስ ባሪያ የነበረና በሰርዲንያ ማዕድን የደከመ ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ321 ዓ.ም. በወጣ ሕግ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በካህናት ፊት ነፃ የወጣ ባሪያ ሙሉ የሮማ ዜጋ እንዲሆን አጸና። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በመጽሐፈ መክብብ ላይ በሰጠው ስብከት፣ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ዋጋ የሚተምነው ማን ነው? ሲል ባርነትን ከሥሩ ነቀፈ። እ.ኤ.አ. በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ አንድ የቅዱስ አውጎስጢኖስ ደብዳቤ፣ የጉባኤው ሰዎች በሂፖ ወደብ በባሪያ ነጋዴዎች የተያዙ 120 ያህል ሰዎችን እንዳስለቀቁ ይነግረናል።

በሌላ በኩል ክርስቲያን ጌቶች ባሮቻቸውን መያዝ አልተዉም። በሮማና በሌሎች ስፍራዎች በቍፋሮ ከተገኙት ለኮብላይ ባሮች አንገት ከተሠሩ የብረት ቀለበቶች መካከል የክርስቶስ ስም ምልክት የተቀረጸባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ባርነትን ክቡሩን ሰው ከሚያዋርዱ አሳፋሪ ተግባራት መካከል ቈጠረው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 በሴኔጋል በጎሬ ደሴት ክርስቲያኖች በባሪያ ንግድ ስለ ፈጸሙት ኃጢአት ይቅርታ ጠየቁ።

የአገራችንም የክርስትና ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ከመርከብ ተማርኮ እንደ ሆነ፣ ንጉሡም በሚሞትበት ጊዜ ወደ ፈለገው እንዲሄድ እንደ ፈቀደለት ሩፊኖስ ጽፏል። ወንጌልን ያመጣልን የተማረከ ሰው ነው። ሆኖም በምድራችን ባርነት ለብዙ ዘመናት ቆይቶ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ ብለን ልጆቻችንን በኩራት እየጠራን፣ አያቶቹ በባርነት የተያዙበትን ጎረቤታችንን «ባሪያ» ብለን ከማዕድና ከጋብቻ የምናርቅ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ስም ትርጉም አላወቅነውም። እንዲሁም በቤታችን ያለችው የቤት ሠራተኛ ደመወዟ፣ ዕረፍቷ፣ ትምህርቷ በእኛ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ደግ መሆናችን ብቻውን ነፃ እንደማያደርጋት ሮማውያን ራሳቸው ይመሰክሩብናል።

ለመምህራን የምናሳስበው ይህን ነው። ስለ ባርነት ስታስተምሩ ነገሩን ወደ ነፍስ ብቻ ወስዳችሁ አትተዉት፤ ወደ ሕግና ወደ ኑሮ ብቻ አውርዳችሁም አታስቀሩት። አናሲሞስ ሁለቱንም ይፈልግ ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው እንዲኖረው፣ ያም መልስ በፊልሞና ቤት ማዕድ ላይ እንዲታይ ያስፈልገው ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ደግ ጌታ ያለው ባሪያ ነፃ ያልሆነው ስለ ምንድን ነው? በእኛ ዘመን ይህን የሚመስል ኑሮ የት ይገኛል?
2. የኤጲቅቴጦስ ትምህርትና የፊልሞና መልእክት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. የፊልሞናን መልእክት በኅብረት አንብቡ። እናንተ ፊልሞናን ብትሆኑ ኖሮ አናሲሞስ በደረሰ ማግስት በቤታችሁ ምን ይለወጥ ነበር?
4. በቁምስናችን በትውልዱ ወይም በሥራው ምክንያት ከማዕድ የሚርቅ ሰው አለን? ማኅበራችን ምን ሊያደርግ ይችላል?